የአዳራሹ የመጨረሻ ትሪ

«ሊጡን ማን ጨረሰው?»

መርማሪ ማርጎ ላቫሌ ይህን ስትጠይቃት ሞትሪያ ትሪውን አየችው፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች።

አቶ ኦሬስት ህናትዩክ ዓርብ ዕለት ሞተው የተገኙት በዊኒፔግ ከተማ ሰሜን ሰፈር፣ በዩክሬናውያን ማኅበር አዳራሽ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ግርጌ ነው። አንገታቸው ተሰብሯል። አጠገባቸው ባለው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ድንችና አይብ ተሞልቶ የታጠፈ ሊጥ፣ ፒሮሂ የሚሉት የዩክሬን ምግብ፣ በትሪ ተደርድሯል። ሞትሪያ የአዳራሹ ጠባቂ ናት፤ ከልጇ ከዞያ ጋር የምትኖረውም እዚያው፣ እላይ ባለው ክፍል ነው።

«ከትምህርት ቤት ደውለው ዞያን አተኩሷታል አሉኝ» አለች። «ሊጡን ክብ ክብ አድርጌ ቆርጬ ነበር፤ አንዱንም ሳልሞላ ሮጥኩ። ስመለስ ነው ወድቀው ያገኘኋቸው።»

«ትሪው ግን ሙሉ ነው። አንቺ ካልሆንሽ ማን ሞላው?»

ሞትሪያ ብትታሰር ዞያን የሚረከብላት ዘመድ የላትም። ይህን እያሰበች እንኳ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

አዳራሹን አንድ ኩባንያ ገዝቶ ሊያፈርሰውና አፓርታማ ሊሠራበት ይፈልጋል። ለሽያጩ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የአቶ ኦሬስትና የምክትላቸው የታራስ ቦድናር ፊርማ ያስፈልጋል። ታራስ ከተስማማ ቆይቷል፤ አቶ ኦሬስት ግን ለዓመታት እምቢ ብለዋል። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ጣቱን ታራስ ላይ ቀሰረ።

ታራስ ሳቀ። «እኔ? እሳቸውን? እንኳን ልገፋቸው፣ ያን ቀን አዝዬ ባወጣቸው ደስ ባለኝ! ይኸው፣ ስልኬ ላይ የተዉልኝን መልእክት ስሚ።»

ላቫሌ አዳመጠች። የሟቹ ድምፅ ነው። «በቃኝ ታራስ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ማሞቂያው ሞቷል። እስክሪብቶህን ይዘህ ና፤ እፈርማለሁ።»

ታራስን ነፃ ያወጣው ይህ መልእክት ሞትሪያን ጉድጓድ ከተታት። አዳራሹ ሲሸጥ ቤት የምታጣው እሷ ናት።

ላቫሌ ቀጥላ የሟቹ የሚስት እህት ወደሆኑት ወደ እትዬ ስቴፋንያ ቤት ሄደች። የአዳራሹን ወጥ ቤት ዕድሜ ልካቸውን የመሩት እሳቸው ናቸው።

«ብዪ እንጂ! ፖሊስ ጥርስ የለውም እንዴ?» አሉ ፒሮሂ የሞላ ሳህን እያቀረቡ።

«ዓርብ የት ነበሩ እትዬ?»

«እዚሁ። ጉልበቴ መቼ ያስወጣኛል ልጄ?»

«ሞትሪያ ይህን ታደርጋለች?»

«ያቺ ልጅ? ሰው እግሯን ቢረግጣት ይቅርታ የምትለው እሷ ናት።»

ላቫሌ ሳህኑን ልብ ብላ አየች። አልበላችም።

በማግስቱ ሦስቱንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አቶ ኦሬስት ከደረጃው አናት ነው የተገፉት። ጥቁር ካፖርታቸውን ዱቄት አልነካውም። የደረጃው መብራት ማጥፊያ ግን ዱቄት በዱቄት ነው። ስለዚህ ገፊው ሲገፋ እጁ ንጹሕ ነበር፤ መብራቱን አጥፍቶ ሲወጣ ዱቄት ነክቶታል። በመሃል ምን ሠራ? ይህን ትሪ ሞላ።»

«ሬሳ አጠገብ?» አለ ታራስ። «ምን ዓይነት ሰው ነው እሱ?»

«ሊጥ ሲበላሽ ማየት የማይችል ሰው። የተቆረጠ ሊጥ ሳይሸፈን ከቆየ ጠርዙ ይሰነጠቃል። እነዚህ አልተሰነጠቁም፤ ሞትሪያ እንደወጣች ነው የታጠፉት። እሷ ሞልታቸው ቢሆን ‹አንዱንም አልሞላሁም› ብላ ራሷን አታስጠረጥርም ነበር። ደግሞ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ ያለውን ፒሮሂ አይቻለሁ፤ የሷ ጠርዝ በጣት ጫን ጫን የተደረገ ነው። ይህ ግን እንደ ገመድ ተገምዷል። እንዲህ የተገመደ ያየሁት አንድ ቤት ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ እትዬ ስቴፋንያ ዞሩ።

«ሞትሪያ፣ አንቺ ገና ስታዪው አውቀሻል» አለች ላቫሌ።

«መንገድ ላይ ወድቄ ሳለሁ የላዩን ክፍል ቁልፍ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።»

እትዬ ስቴፋንያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ይህን ወለል ባሌ ነው ያነጠፈው። ኦሬስት ልፈርም ነው ሲለኝ ክንዱን ያዝኩት፤ አልሰማኝም። ገፋሁት። ወርጄ ሳየው ትንፋሽ የለውም። ሊጡ ደግሞ እየደረቀ ነበር።»

«ሞትሪያ ስትጠረጠርስ?»

«ልናገር ነበር። ነገ፣ ነገ እያልኩ።»

ማንም አላለቀሰም።

የአቶ ኦሬስት ተተኪ ፈረመ፤ አዳራሹም በሐምሌ ፈረሰ። እትዬ ስቴፋንያ ወህኒ ወረዱ። ሞትሪያ ከአዲሶቹ አፓርታማዎች አንዱን ለመከራየት አመልክታ ደመወዝሽ አይበቃም ተባለች፤ ዞያን ይዛ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ሄደች። ታራስ ከአዲሱ ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ገባ። ከአዳራሹ ሰዎች ሰፈሩ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው።