ሃያኛው መስመር

ሰውየው መጀመሪያ ወደ ሥራ ቦታዋ የመጣ ዕለት እብድ ነው የመሰላት። ሰው ሠራሽ እጅና እግር የምትሠራበት ክፍል በር ላይ ደብተሩን ይዞ ቆመና «ይቅርታ፣ አንድ ሰው ክንዱ ሲቆረጥ ጉልበቱ ከመቶ ስንት ይቀነስበታል?» አላት።

በጀሶ የተለወሰ እጇን አንስታ «ማንን ልትቆርጥ ነው?» አለችው።

ሳቀ። ሥራው ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ አራሚ ነው፤ ትርፍ ጊዜውን ግን አንድ ጨዋታ ይበላዋል። ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው እያንዳንዳቸው አንድ ባለታሪክ ይሆናሉ፤ ባለታሪኩ የሚያደርገውን በአፋቸው ይናገራሉ፤ ይሳካለት አይሳካለት ዳይስ፣ ማለትም የሚጣል ባለ ሃያ ገጽ የቁጥር ጠጠር፣ ይወስናል። የዚህን ጨዋታ ደንብ የሚጽፈው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ የዳይስ ቁጥር አንድ መስመር ያለው ከባድ ጉዳት የሚለው ሰንጠረዥ ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩ ቆመበት።

«ሰው ክንዱን አጥቶ በማግስቱ ሰይፍ ሲመዝ አይተሽ ታውቂያለሽ? በእኔ ደንብ ግን ይመዛል። አፈርኩ» አላት።

በዚህ ተጀመረ። ሦስት ወር ሙሉ ማክሰኞና ዓርብ ከሥራ መልስ ሻይ ቤት እየተገናኙ ስለ ተፈጨ ጉልበት፣ ስለ ቃጠሎ፣ ስለ ነርቭ አወሩ። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ወንበር ይቀይራል። እንዲህ ባለ ወሬ መሃል ፍቅር ይገባል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ገባ እንጂ! ደንብ አውጪው አንድ መስመር ከመሰረዙ በፊት ቀና ብሎ ዓይኗን ያያል፤ እሷም ያቺን አስተያየት ስትጠብቅ ማክሰኞ አልደርስ ይላታል።

ያልነገረችው ነገር ነበር። ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ የግራ ክንዱን በእንጨት መሰንጠቂያ አጥቷል። እዚህ ሙያ ውስጥ የገባችው ለእሱ ብላ ነው። እሱ «አይሆንም» ያለውን ሰው ደግሞ አታገባም፤ ይህን ከራሷ ጋር ጨርሳለች።

አንድ ማክሰኞ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ሁለት ወር የለፋችበትን ሰው ሠራሽ እጅ ወንድሟ ጠዋት ግድግዳ ላይ ወርውሮት ነበር። ደንብ አውጪው ምንም አያውቅም፤ «መስመር ሃያ ላይ ምን እንበል?» ብሎ ጠየቃት።

«ክንዱን ያጣ ከጨዋታ ውጪ ነው በል። አበቃለት። ጻፈው!»

ጻፈው።

ከዚያ ወንድምየው ከአንድ ደንብ ጸሐፊ ጋር እንደምትገናኝ ሰማ። «ይህን ሰውዬ ልየው። ጨዋታውንም ልጫወት» አለ። እምቢ ብትል ይጠረጥራል። እሁድ ከሰዓት ወደ ሰውየው ቤት ይዛው ሄደች።

ደንብ አውጪው በሩን ከፍቶ ባዶውን እጅጌ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ወጥ ቤት ጠራትና በሹክሹክታ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«እንዳታዝንለት ብዬ... እኔ እንጃ።»

«መስመር ሃያን ልሰርዘው?»

«ስርዙን ካየ ይጠይቃል። ከሃያ ዕድል አንዱ ነው፤ አይወጣም።»

አለች እንጂ ልቧ ከቦታው የለም። ዳይስ በተንከባለለ ቁጥር ከማንም ቀድማ ቁጥሩን ታያለች። ወንድሟ ደግሞ የመርከብ አዛዥ ሆኖ ጨዋታው ጥሞታል፤ ለጨዋታው ከመጡት የደንብ አውጪው ጎረቤት፣ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ጋር ይነታረካል። «ጋሼ፣ ውጊያ ሲመጣ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነዎት!» ይላል፤ ይስቃል። ይህን ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! ደስታው ራሱ አስጨነቃት።

ከዚያ በጨዋታው ውስጥ የወደቡ ግንብ በመርከብ አዛዡ ላይ ተደረመሰ።

«ከባድ ጉዳት ነው። ጣል» አለ ደንብ አውጪው፣ ድምፁ በጭንቅ እየተሰማ።

ዳይሱ ተንከባለለ፣ ቆመ። ሃያ። መምህሩ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ወረቀቱን አነበቡ። «ክንዱ ከትከሻው ይቆረጣል። ክንዱን ያጣ ባለታሪክ ከጨዋታ ውጪ ነው። አበቃ...» መጨረሻዋን ዋጧት።

«ማነው የጻፈው?» አለ ወንድምየው።

«እኔ ነኝ» አለ ደንብ አውጪው። እሷን አላያትም። «ሳላስብ ጻፍኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ወንድምየው ተነስቶ ጃኬቱን ያዘ። «እታለም፣ እንሂድ።»

ዝም ብትል የምትወደውን ሰው ለዘላለም ታጣዋለች። ብትናገር ደግሞ ያሳደገችውን ወንድሟን በገዛ እጇ ልትገድለው ነው። 

«ቁጭ በል» አለች። «እሱ አይደለም። ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«እጁን የወረወርክ ቀን። ተናድጄ... አይ፣ ፈርቼ ነው። ያበቃልህ መሰለኝ።»

«የወረወርኩት ስለሚከብድ ነው» አለ ወንድምየው። «ትከሻዬን ያቆስለኛል። እንዳይከፋሽ ‹ምንም አይልም› እያልኩ ስዋሽ ከረምኩና ያን ቀን መረረኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«አንቺስ እንዳበቃልኝ ለምን አልነገርሽኝም?»

እንባዋ ወረደ። መምህሩ የማያስፈልግ ሳል ሳሉ። ወንድምየው ጃኬቱን ወንበሩ ላይ መልሶ ወደ ደንብ አውጪው ዞረ።

«አንተ ደግሞ ያላጠፋኸውን ተሸክመህ ወንድሟ ፊት ትቆማለህ? ይህን ያህል ነው የምትወዳት?»

«ይህን ያህል ነው።»

«ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም። ስለ ተፈጨ ጉልበት እያወራን መግቢያ አጣሁለት።»

እያለቀሰች ሳቀች። «እኔም እወድሃለሁ» አለችው፣ መምህሩም ወንድሟም እየሰሙ። ፍርሃቱ ግን ገና አልለቀቃትም፤ ወዲያው ወደ ወንድሟ ዞረች።

ወንድሟ እነሱን እያየ አልነበረም። ማንም ሳይይዝለት ወረቀቱን በዳይስ ሣጥኑ ጫን አድርጎ፣ ሃያኛውን መስመር ሰርዞ፣ ከሥሩ ይጽፋል። «ክንዱ ይቆረጣል። ሕመሙ ብዙ ነው። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ራሱን ጠይቁት።»

ብዕሩን አስቀመጠና ቀና አለ። ሦስቱም አፍጥጠውበታል።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለ። «ጠይቁኝ እንጂ!»