ከውጭ የሚቀረቀረው በር

እናቴ ትሙት እውነት ነው!

የምታውቁኝ ሰዎች ውሸታም እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። ዛሬን ግን እመኑኝ። ልዋሽ ብፈልግ ኖሮ ጨለማና ጅብ እጨምርበት ነበር። ይሄ ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

እኔ፣ ታላቅ እህቴና ባሏ በመኪና ረጅም መንገድ እየሄድን ነበር።

ባሏን ሬዲዮ እለዋለሁ። ማጥፊያ የለውማ! ሁለት ዲግሪ አለው፤ ሁለቱም አፉ ላይ ናቸው።

ኮረብታ ላይ በወፍራም የድንጋይ ግንብ የታጠረ ጥንታዊ መንደር አየን።

"አቁም!" አለኝ ሬዲዮ፤ የምነዳው እኔ ነበርኩ። "ጠላት እንዳይገባ የተሠራ ምሽግ ነው። አንተ እንኳ አይገባህም።"

በሩ ላይ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በረኛዋ ናቸው።

"ግቡ ልጆቼ" አሉን። "ስትወጡ ግን በዚህች ቀዳዳ እጃችሁን ታወጣላችሁ። ውጭ የቀረ ዘመድ ይይዘዋል። ከሞቀ እከፍታለሁ።"

"ካልሞቀስ እማማ?"

"አልከፍትም።"

ሬዲዮ ከት ብሎ ሳቀ። "ለቱሪስት የተፈጠረ ተረት!"

እህቴ እርጉዝ ናት፤ እግሯ አብጦ ስለነበር መኪናው ውስጥ ቀረች። እኔና እሱ ገባን።

ከኋላችን መቀርቀሪያው ተንቋቋ...

ከውጭ።

ምሽግን ከውጭ የሚቀረቅር ማነው?

መንገዱ ተጠርጓል። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ውኃው ይንጠባጠባል። ሰው ግን የለም። አንድም።

ቀና ብዬ ግንቡን አየሁ። የጠመንጃ ቀዳዳዎቹ ወደ ሜዳው አያነጣጥሩም...

ወደ መንደሩ ነው የሚያነጣጥሩት። ወደኛ።

"ስማኝማ" አልኩት በሹክሹክታ። "ይሄ ግንብ ጠላት እንዳይገባ አይደለም።"

"እና?"

"እንዳይወጣ ነው።"

"አንተ ከስምንተኛ ክፍል የተባረርክ ሰውዬ፣ ስለ ምሽግ ልታስተምረኝ ነው?"

ይህን ብሎ አንዱ ቤት ዘው አለ። እኔ ደጅ ቀረሁ። ግድግዳው ስንት ክንድ እንደሚወፍር ለራሱ ሲለፈልፍ ይሰማኛል።

ከዚያ አንድ ሰው መለሰለት...

በራሱ በሬዲዮ ድምፅ።

ከዚያ ጸጥ። እህቴን ካገባ ጀምሮ ሬዲዮ ዝም ሲል ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

እግሬ አውጪኝ አልኩ! በሩ ጋ ደርሼ እጄን በቀዳዳው ሰደድኩ። እህቴ ከመኪናው ወርዳ ያዘችልኝ።

"ይሞቃል" አለች። ተከፈተልኝ፤ ወዲያው ተዘጋ።

"ባሌስ?"

"ይመጣል።"

"አንተ ቀልደኛ፣ ባሌን የት ጥለኸው ነው?" እንባዋ መጣ። "ያለ አባት ልታስቀርብኝ ነው ይሄን ልጅ?"

ኳ... ኳ...

በቀዳዳው እጅ ወጣ። ቀለበቱን አወቅኩት።

እህቴ ልትይዘው ስትል ቀደምኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣቱን ቆንጥጬ ላስጮኸው ነበር ሐሳቤ።

ያዝኩት። ቆነጠጥኩት።

አልጮኸም።

"ይሞቃል ልጄ?" አሉ አሮጊቷ።

እህቴ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

እጁ ይሞቃል። "ይሞቃል" አልኳቸው።

ወጣ። ፈገግ አለልኝ። ያ ትዕቢተኛ ለኔ ፈገግ ብሎ አያውቅም። ምንም ሳይል መኪናው ውስጥ ገባ።

"ደክሞት ነው" አለች እህቴ።

ሞተሩን ሳስነሳ ከግንቡ ጀርባ አንድ ሰው ድንጋዩ እንዴት እንደተጠረበ ሲያስረዳ ሰማሁ... እየጮኸ... እያለቀሰ...

ነዳሁት።

አሁን ልጅቷ ተወልዳለች። ሬዲዮ እስከዛሬ ትንፍሽ አላለም። እህቴ "ተለወጠልኝ" ትላለች። ቤቱ ሰላም ነው! በሰው ፊት ያዋርደኝ የነበረው ምላስ የት እንደቀረ እኔ ምን ቸገረኝ?

አንድ አመል ብቻ አምጥቷል። ከክፍል ሲወጣ በሩን ገርበብ ያደርግና እጁን ብቻ ያወጣል። ሰው ካልያዘለት ቆሞ ይውላል።

ትናንት ዳዴ ብላ የያዘችለት ልጁ ነበረች። ነክታው እሪ ብላ አለቀሰች።

እሺ... ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ።

እጁ ይሞቃል ያልኩትን።