ሰባ ሁለት ኪሎ

ሁለት ሳምንት ሙሉ «እርስዎ» ሲባባሉ ከረሙ። ከዚያ በፊት አንተና አንቺ ነበሩ፤ እንዲያውም ከዚያም አለፍ ብለው፣ ከሥራ ሲወጡ መንገዱ እንዳያልቅባቸው እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እየተንቀራፈፉ የሚሄዱ ነበሩ።

ያጣላቸው ኩላሊት ነው። የሰው ኩላሊት። እሷ የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ናት፤ ኩላሊቱ የደከመ ታካሚ መድኃኒቱን ቶሎ ስለማያስወጣ፣ የታዘዘለትን መጠን አስልታ ማስቀነስ ሥራዋ ነው። እሱ ወጣት ሐኪም ነው። አንድ ጠዋት በአለቃው ፊት «ይሄ መጠን ይበዛል» አለችው። ልክ ነበረች። እሱ ግን ፊቱ ደም መስሎ፣ «አንቺ ኪኒንሽን ቁጠሪ!» አላት።

በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቃት ሲመጣ፣ «እንደምን አደሩ፣ ዶክተር?» አለችው። በዚያች «አደሩ» አፉ ተዘጋ። እሱም «ደኅና ነኝ፣ እርስዎስ?» ብሎ አለፈ። ሁለት ግትሮች!

ከዚያ እናቱ በኢንፌክሽን ታመው እዚያው ሆስፒታል ተኙ። የሚያክሟቸው ሌላ ሐኪም ስለሆኑ፣ እሱ በዚያ ክፍል ልጅ ብቻ ነበር። የኢንፌክሽኑ መድኃኒት በመርፌ መሰጠት በጀመረ በሦስተኛው ቀን እናትየው መቀባዠር ጀመሩ። ከሞቱ አሥር ዓመት ያለፋቸውን ባላቸውን እየጠሩ በር እንዲከፍቱላቸው ያዛሉ። ሁሉም «ትኩሳቱ ነው» አለ። ትኩሳቱ ግን ወርዶ ነበር።

ፋርማሲስቷ ካርዳቸውን አየች። ክብደት፣ ሰባ ሁለት ኪሎ። ስሌቱን ደገመችው፤ ለሰባ ሁለት ኪሎ መጠኑ ልክ ነው። ቀና ስትል ብርድ ልብሱ ላይ የተዘረጋውን ክንድ አየች። የእጅ ሰዓታቸው እስከ ክርናቸው ይንሸራተታል።

«ማን መዘናቸው?» አለቻት ነርሷን።

«መቆም አቅቷቸው ነበር። ልጃቸውን ጠይቄ ነው የጻፍኩት።»

ብትነግረው ቂሟን የምትወጣ ይመስለዋል። እግሯ ግን ሳያማክራት ኮሪደሩ ላይ ወደቆመው ወጣት ሐኪም ወሰዳት።

«አንተ! እናትህን አይተሃቸዋል?»

«አንተ» ማለቷን ሁለቱም ሰሙ።

«ምን ማለትሽ ነው? ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቧ ነኝ።»

«ሰባ ሁለት ኪሎ ያልከው የመቼውን ነው?»

ወደ እናቱ ክፍል ቀደማት።

የወንበር ሚዛን አስመጡ። እናቱን አቅፎ ሲያነሳቸው፣ ሚዛኑ ሳይናገር እጆቹ አወቁ። አርባ ስምንት። በዚህ ክብደትና በዕድሜያቸው ሲሰላ፣ ኩላሊታቸው ከታሰበው በጣም ያነሰ ነበር የሚሠራው፤ ያቀባዠራቸው ሳይወጣ የተጠራቀመው መድኃኒት ነው። ሐኪማቸው ተጠርተው የዚያን ቀን መርፌ አስቀሩ፣ መጠኑንም ቀነሱ።

እሱ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። «በየሳምንቱ እሁድ ቤቷ እየሄድኩ! ለእኔ እኮ ያቺው ድልድሏ እናቴ ናት። ስትከሳ አላየኋትም።»

አንጀቷን በላት። «እናቱን በዓይኑ የሚመዝን ልጅ የለም» አለችው፣ ክንዱን ይዛ።

«ያን ቀን ያልኩሽን...»

«እሱ ይደርሳል። አሁን ሽንታቸውን እንለካ።»

በእንባው መሃል ሳቀ።

ሁለት ቀን ተፈራረቁላቸው። እሷ በእረፍቷ እየወጣች ውኃ በማንኪያ ታጠጣቸዋለች፤ እናትየውም እየቃዡ «እህቴ» ይሏታል። እሱ ከአልጋው ማዶ ሆኖ ያያታል፤ ስታየው ዓይኑን ይሰብራል። መውደዷን ግን ከእንግዲህ ከራሷ መደበቅ አልቻለችም።

በሦስተኛው ጠዋት እናትየው ጥርት ብለው ነቁ።

«ጺምህን ምነው አልተላጨህም?» አሉት። ወዲያው ብርጭቆ የያዘችውን ልጅ አዩ። «ይቺስ ማናት?»

«እኔ የመድኃኒት...» ብላ ጀመረች።

«የማገባት ልጅ ናት» አለ እሱ።

ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች። «ለእኔስ ማን ነገረኝ?»

«አልጠየቅካትም እንዴ?» አሉ እናትየው።

«አልጠየቅኳትም፣ እማዬ።»

«አይ የኔ ጅል! በል፣ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬያለሁ።» እንዳሉትም ዞሩ።

አልጋውን ዞሮ መጣ። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት። ብርጭቆውን ከእጇ ሲቀበላት ጣቶቿን ይዞ ቀረ። ራሷን ነቀነቀች።

«ምን አለች?» አሉ እናትየው ከግድግዳው በኩል። «በሽተኛ እኮ ነኝ፤ አታስጨንቁኝ!»

«እሺ ብያለሁ፣ እማማ» አለች ፋርማሲስቷ።