የፊት መቀመጫና የሻገቱት ጃኬቶች

«ሽታ እኔን ሲያይ ጓዙን ጠቅልሎ ነው የሚጠፋው» አለች ልጅቷ፣ የጀልባ ክበቡ የመንሳፈፊያ ጃኬቶች የታጨቁበትን ጆንያ እየጎተተች። እርጥብ እንደሆኑ የጠቀጠቀቻቸው ራሷ መሆኗን አላነሳችም። ጠያቂም አልነበረ።

አሰልጣኟ ቃል ገብታላታለች፤ የጃኬቶቹ ሽታ ከጠፋ ቅዳሜ ከፊት ተቀምጣ የምትቀዝፈው እሷ ናት። ከፊት የተቀመጠ የቀዘፋውን ምት ይሰጣል፣ ጀልባው በሙሉ እሱን ይከተላል። አሰልጣኟ ደግሞ በዋዛ የምትሸወድ ሴት አይደለችም። ማንም ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት የጃኬቱን አንገትጌ አሽትታ ነው የምታሳልፈው።

ልጅቷ መጀመሪያ የእህቷን ሽቶ አርከፈከፈችባቸው። እናቷ በሩን ከፍታ አፍንጫዋን ያዘችና ሻጋታው ተኳኩሎ ሰርግ ሊሄድ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ከዚያ ሳፋና አቼቶ አቀበለቻት። በአቼቶ ውሃ ዘፍዝፋ፣ በሳሙና አጥባ፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ ላይ እንድታሰጣቸው፣ እየተመላለሰችም እንድትገለብጣቸው ነገረቻት። ፀሐይ ጨርቁን ይጨርሰዋል አለች። ልጅቷ እያጉረመረመች ዘፈዘፈች፣ እያጉረመረመች አጠበች፣ ክንዷ እስኪዝል ገለበጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ንጹሕ ንጹሕ ይሸቱ ነበር፤ ከአንዱ በቀር። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ሳይገለበጥ የቀረው ጃኬት ስፖንጁ ውስጥ ውሃ ቋጥሯል። ጫን ሲያደርጉት ያንኑ የድሮ ጠረኑን ይተፋል። ጃኬቱ ደግሞ ልክ በሰው ቁጥር ነው፤ ትርፍ የለም።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አለች ቀጭኔ፣ ቁመቷ ስም ያወጣላት ጓደኛዋ። «ከጀማሪዎቹ ለአንዷ አልብሻት። ኮች ካሸተተችም ፈርታ ሸናች ብላ ታልፋለች።»

ልጅቷ ሳቀች። ዘዴው ይሠራል፤ ያናደዳትም እሱ ነው። ቀና ስትል ከጀማሪዎቹ አንዷ፣ ጥርሷ የወለቀ ትንሽዬ ልጅ፣ የጀልባ መሳፈሪያውን የእንጨት ምሰሶ በሁለት እጇ አንቃ ውሃውን ታያለች። ገና ጃኬት አልደረሳትም።

ልጅቷ የራሷን ንጹሕ ጃኬት አውልቃ አለበሰቻት። ማሰሪያውን እስኪያልቅ ሳበችላት። ቀጭኔ ከኋላዋ አበድሽ እንዴ፣ የፊቱ ቦታስ እያለች ስታንሾካሹክ እንዳልሰማ ሆነች። ከዚያ የሚጠነባውን ጃኬት አንስታ፣ ትንፋሿን ውጣ ለበሰችው።

አሰልጣኟ ከጀማሪዎቹ ጀምራ አንገትጌ በአንገትጌ እያሸተተች መጣች። ትንሿን ልጅ አሽትታ አናቷን ዳበስ ዳበስ አድርጋላት አለፈች። የእኛዋ ልጅ ጋ ስትደርስ ቆመች። አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

ልጅቷ አገጯን ቀና አደረገች። «ኮች፣ ሌሎቹ እኮ እንደ አበባ ናቸው። ከእኔ ወዲያ አጣቢ ይገኛል?»

«ከኋላ ተቀመጪ» አለቻት አሰልጣኟ። «ነፋሱ ከፊት ነው የሚመጣው፤ ሌላው ሰው መተንፈስ አለበት።»