ዘፈን ያልወጣለት ሸክላ

«ንካንዱ፣ አለሽ? ወይስ ሳልሰማ ዳሩሽ?»

ትምህርት ቤት አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ቺሻላ ናት። ከሸምበቆው ግድግዳ ማዶ ተቀምጣ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች። ንካንዱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። የመጀመሪያ የወር አበባዋን ካየች ወዲህ አክስቷ ጎጆ ውስጥ ናት፤ በመንደሩ ወግ የሴትነት ትምህርቷ እስኪያልቅ ከአስተማሪዋ ከሙሶንዳ እናት በቀር ከማንም ጋር ቃል መለዋወጥ አይፈቀድላትም። አንዲት ቃል ካመለጠቻት ሁሉም ነገር እንደገና ሊጀመር ነው፤ አክስቷም መንደሩ ፊት አንገቷን ልትደፋ።

የሙሶንዳ እናት ደግሞ ማስረዳት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። የሸክላ አዞ ያመጣሉ፣ የአዞውን ዘፈን ያስደግሟታል፣ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ ሸክላ የራሱ ዘፈን አለው። አንድ ቀን አዞው ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቃቸው «አዞ ነዋ» አሏት። ትምህርት ቤት መምህሩ ሁሉንም ያብራራሉ፣ ማንም አይገባውም። እዚህ ማንም አያብራራም፤ ንካንዱ ግን ከአዞው ጋር ስትፋጠጥ እየዋለች አንዳንድ ነገር ብልጭ እያለላት ነው። የምታካፍለው ሰው የለም እንጂ።

ቺሻላ ወሬዋን ቀጠለች። ሰባኪው አባቷ ይህን ትምህርት የሰይጣን ጉባኤ ነው ብለው ስለከለከሏት እሷ እዚህ ጎጆ መቼም አትገባም። ከክፍላቸው ሴቶች ያልገባችው እሷ ብቻ ናት። እና አንድ ዘፈን ብትነግራት ምናለበት? ማን ይሰማል፣ ዶሮዎቹ?



የመፈልፈሉ ድምፅ ቆመ። «ተይው በቃ» አለች ቺሻላ። «ትምህርት ሲከፈት ግን አብሮሽ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ፈልጊ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁላችሁም የምታውቁትን እኔ ብቻ ሳላውቅ ላረጅ ነው?»

ንካንዱ ጥግ ላይ ከጠዋቱ ትምህርት የተረፈ እርጥብ ሸክላ አየች። ቆንጥራ ማድቦልቦል ጀመረች። ትከሻ ለትከሻ የተጠጉ ሁለት ልጆች፣ ከሥራቸው አንድ ዴስክ። የአንደኛዋን ጭንቅላት ተለቅ አደረገችው፤ ጭንቅላተ ትልቋ ቺሻላ እሷ የትኛዋ እንደሆነች እንዳትሳሳት። ከዚያ ዶሮዎቹ በጫሩት ቀዳዳ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ቀስ አድርጋ አሳለፈችው።

ከማዶ አንድ እጅ መጥቶ ሸክላውን ወሰደው። 

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዴስክ ነዋ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ጨርቋን ተከናንባ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ ቺሻላ የምትሄድ ከሆነ ኮቴዋን ልትሰማ፣ የማትሄድ ከሆነ አብራት ልትቆይ።