ያልተቀነሰው ሬዲዮ

ዘፈኑ አልቆ ጣቢያው ጸጥ ሲል፣ ከተማው ሁሉ ሬዲዮው የተበላሸበት መስሎት ጀርባውን መታ መታ አደረገ። የተበላሸው ግን ሬዲዮ አልነበረም። የማለዳው ፕሮግራም አቅራቢ ከስቱዲዮው ደረጃ ግርጌ አናቱ ተፈንክቶ ሞቶ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነፍሰ ገዳይ አግኝተው ጨርሰዋል። የሟቹ የእህት ልጅ፣ የጣቢያው ቴክኒሻን፣ በካቴና ታስራ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«ውስጥ ከሟቹ ጋር የነበረችው እሷ ብቻ ናት» አለ አዛዡ። «ዘበኛው ሌላ ሰው ሲገባ አላየም።»

«ዘበኛው የሚያየው የፊቱን በር ነው» አለችና ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። «የት ነበርሽ የኔ እህት?»

«ማሰራጫው ክፍል። ጋሼ ከሥራ አስኪያጁ ጋር በስልክ ሲከራከር ሥርጭቱ ተቋረጠ፤ ላስነሳው ወረድኩ። ተነሣ፤ ዘፈኑም ገባ። ከዚያ የጋሼን ድምፅ ብጠብቅ...» እንባዋን በታሰረ እጇ ጠረገች። «ያሳደገኝን ሰው ነው የምገፋው?»

ጓደኞቹ «ጉሮሮ» የሚሉት ዜና አንባቢ ሳይጠየቅ ቀደመ። «እኔን እንዳታዩኝ! የማለዳ ሰዓቱን ተመኝቼበታለሁ፣ አልዋሽም። ግን በር ላይ ከዘበኛው ጋር ሰው ስናማ ነበር።»

«ማንን?»

«ማንን ይሆናል፣ ሥራ አስኪያጁን ነዋ!»

ዘበኛው አቀርቅሮ «እውነት ነው» አለ።

የታማው ሰውዬ ክራቫቱን አስተካከለ። «የኔ ምስክር ከተማው ነው። ከቤቴ ደውዬ ስናገር ሁሉም ሰምቷል፤ ፕሮግራሙንም በሳተላይት እየተከታተልኩ ነበር። የሬዲዮ ዘመን አልፏል እመቤት። የማሰራጫው ማማ ይፈርሳል፤ ድምፅ ከሰማይ ይመጣል። ሟቹ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አሮጌ ነገር እንዳቀፈ ሄደ።»

«የሳተላይት መቀበያ የሌለውስ?»

«ይግዛ!»

መርማሪዋ ሁሉንም ወደ ስቱዲዮው ጠራቻቸው። ስቱዲዮው ውስጥ የተቀዳውን ክርክር ልጅቷ ከነካቴናዋ ከፈተችው።

«ጌታው፣ ሬዲዮዎን ቀነስ ያድርጉልን» ይላል ሟቹ። «ድምፄ ከእርስዎ ዘንድ እየተመለሰ ይጮኽብኛል።»

«አልቀንስም! ይጩኽ!»

«እንግዲያው ይጩኽ። አድማጮቼ፣ የማማውን መሬት ማን ለራሱ እንዳዞረው ከዘፈኑ በኋላ እነግራችኋለሁ።»

መርማሪዋ አስቆመችውና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «የሳተላይት ድምፅ ሰማይ ደርሶ ስለሚመለስ ይዘገያል። እዚህ ግን ሟቹ ሲናገር፣ ከጀርባዎ ያለው ድምፁ እኩል ነው የሚናገረው። ስለዚህ የሰሙት በሳተላይት አይደለም።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «እሺ፣ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ። በመኪናው ሬዲዮ ሰማሁ። ወንጀል ነው?»

«ለእርስዎ ነውር ነው እንጂ ወንጀል አይደለም።» ጉሮሮ ሳቁን በሳል ሸፈነ። «ግን» አለች መርማሪዋ፣ «ክርክሩ መሐል ሥርጭቱ ተቋርጦ ነበር።»

«እውነት ነው» አለ አዛዡ። «ቁርሴን ስበላ ሬዲዮዬ እልም ብሎብኛል።»

«የአዛዡ ሬዲዮ እልም ሲል የአንተ ግን አልጠፋም» አለች መርማሪዋ፤ «እርስዎ» መባሉ እዚያው አበቃ። «እስከ መጨረሻው ሟቹ ከጀርባህ ይናገራል። ማሰራጫው ቆሞም የማይቆም ድምፅ ማጉያ የት አለ፣ እህቴ?»

ልጅቷ ቀስ ብላ ቀና አለች። «እሱ ቢሮ። ከስቱዲዮው በሽቦ ነው የተያያዘው። የጓሮው በር ቁልፍም ያለው እሱ ጋ ነው።»

«በጓሮ ገባህ፤ ቤቴ ነኝ ብለህ ከቢሮህ ደወልክ። ስለ መሬቱ ሲያስፈራራህ በዘፈኑ መሐል ከስቱዲዮ ጠርተህ ከደረጃው ገፋኸው። ሬዲዮውን ቀንስ ሲልህ ብትቀንስ ኖሮ ታስራ የምትቀረው እሷ ነበረች።»

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን ጎትቶ ፈታ። «አትናገር ብዬ ለመንኩት። ደረጃው ላይ ቆሞ ሳቀብኝ! እኔ ላይ!»

ካቴናው እጅ ቀየረ። አዛዡ ቆቡን እያሻሸ ወደ ልጅቷ ተጠጋ። «ይቅርታ እህቴ።»

«ነፍሰ ገዳይ ስትለኝ በር ላይ የተሰበሰበው ሁሉ ሰምቷል» አለች። የአጎቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ማይክራፎኑን ወደ እሱ ገፋችው። «ይቅርታውንም ይስማ።»

ቀዩ መብራት በራ። አዛዡ ቆቡን አወለቀ።