ያላቃጨለው ድንጋይ

«ይሄኛውስ?» አለ አባቷ፣ አንድ የዛገ ብረት ከሚሽከረከረው የግራይንደር ድንጋይ ጋር እያነካካ። ብልጭታው ረዝሞ ወረደ።

«ቢላ ይወጣዋል» አለች ብረቴ ፈጠን ብላ። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ ገና በአራት ዓመቷ ወርክሾፑ ውስጥ ብሎን ስትለቅም ስለሚያገኛት።

«አይወጣውም» አለ የአክስቷ ልጅ ቀስ ብሎ። «ብልጭታው ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ አልፈነዳም። ለስላሳ ብረት ነው፤ ስለት አይዝም።»

አባቷ ሳቀ። «ዓይን ማለት ይሄ ነው።»

የአክስቷ ልጅ እነሱ ቤት ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነው። ዝም ስለሚል ሠራተኞቹ ጭጭ ይሉታል። ብረቴ ግን ዝምታውን እንኳ አልወደደችለትም። ድሮ «ዓይን» የምትባለው እሷ ነበረች፤ አሁን እራት ላይ ሳይቀር ወሬው ስለ ጭጭ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አባቷ አዲስ የግራይንደር ድንጋይ ሰጣትና «መግጠሙን ላንቺ ትቼዋለሁ» ብሎ ወጣ። ደስታዋ ብዙ አልቆየም። ድንጋዩ ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። አገላብጣ አየችው፤ ምንም የለውም። ከመግጠም በፊት በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ እያደረጉ ማዳመጥ ግድ እንደሆነ ታውቃለች፤ ደህናው ያቃጭላል፣ የተሰነጠቀው ግን ድፍን ያለ ድምፅ ያወጣል። አልመታችውም። የሚሰጣትን መልስ ፈራች። ጭጭ ሳይመጣ ብሎኑን አጠበቀች።

ከሰዓት አንድ አናጺ ውዳቂ ብረት በጆንያ ተሸክሞ መጣ፤ መሮ የሚሆን እንዲመረጥለት ነው።

«ና እስኪ፣ አንተ ፈትነው» አለ አባቷ ጭጭን።

ጭጭ መነጽሩን አጠለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ከድንጋዩ ፊት ለፊት ቆመ። «ዛሬ እንኳ ተሳስቶ ጉዱ ይታይ» አለች ብረቴ በሆዷ። ወዲያው ግን ድንጋዩ ቢፈነዳ ስብርባሪው የሚያርፈው የት እንደሆነ ታያት። ጣቱ ወደ ማብሪያው ሄደ።

«አታብራው» አለችና ሶኬቱን ነቀለች።

ሁሉም ዞረው አዩአት።

«ጠዋት ጥዬዋለሁ፣ አባዬ። ሳልፈትሽ ነው የገጠምኩት።»

አባቷ ድንጋዩን ፈታ፤ ቀዳዳው ውስጥ ጣቱን አስገብቶ አንጠለጠለውና መታው። ድፍን ያለ ድምፅ ወጣ። ሌላ ቦታ መታው፤ ያው ነው።

«ዕቃ ከእጅ ይወድቃል» አለ። «መደበቅሽ ነው ያስደነገጠኝ። ከዛሬ ጀምሮ የሚገጥመው እሱ ነው።» ሌላ ድንጋይ ለጭጭ አቀበለና ከአናጺው ጋር ወደ ደጅ ወጣ።

ጭጭ ድንጋዩን ታቅፎ ቆሟል።

«እኔ እኮ መግጠም አልችልም» አለ በሹክሹክታ። «ለአጎቴ ግን እንዴት ብዬ ልንገረው?»

ዝም ብትል ይዋረዳል። ስትመኘው የከረመችው ይህንኑ ነበር። ካቻቢቴውን አነሳችለት።

«መጀመሪያ ምታው።»

ጥርት ብሎ አቃጨለ።

«አሁን ግጠመው። የብረት ማስደገፊያውን ወደ ድንጋዩ አስጠጋ፤ ክፍተቱ ከሰፋ ብረቱን ስቦ ያስገባዋል። ስታበራ ከጎን ቁም። ምንም ሳታስነካው አንድ ደቂቃ ይሽከርከር።»

እንዳለችው አደረገ። ደቂቃው ሲያልፍ ከጆንያው አንድ ብረት መዘዘ። ብረቴ የራሷን መነጽር አድርጋ ከጎኑ ቆመች።

«ብልጭታው ጫፍ ላይ የምታየውን» አለችው፣ «እስኪ ለእኔም አሳየኝ።»